ስንዝር ለኪዎቹ የእሳት እራቶች፦ የቤተሰብ መዝገባቸው ለምን ደጋግሞ ይታረማል?

ሌሊት መብራት ላይ ያረፈ የእሳት እራት ፎቶ አንስቶ ስሙን በስልክ መተግበሪያ መፈለግ የብዙ ሰው ልማድ ሆኗል። ከልማዱ ጋር አንድ ቅሬታም አብሮ መጥቷል። አምና አንድ ቦታ የተመደበ ዝርያ ዘንድሮ ሌላ ቦታ ይገኛል። የመስክ መጽሐፉ አንድ ነገር ይላል፤ ድረ ገጹ ሌላ ይላል። «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚስማሙት?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሊቃውንቱ በየጊዜው ሐሳባቸውን ስለሚቀያይሩ ብቻ የመጣ ጣጣ አይደለም። የሚጠየቀው ጥያቄ ራሱ ተቀይሯል። ዱሮ ምደባ ማለት «ማን ማንን ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ነበር። አሁን «ማን ከማን ጋር ከአንድ አያት ወረደ?» ሆኗል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣሉ። መልሳቸው ሲለያይ ግን መዝገቡ ይፋቃል። ጂኦሜትሪዴ የሚባለው ትልቁ የስንዝር ለኪዎች ቤተሰብ ደግሞ መልስ የሚለያይባቸው ቦታዎች የሞሉበት ነው።

በስንዝር የሚሄዱት

ጂኦሜትራ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። ምድርን የሚለካ ማለት ነው። ስሙን ያስገኘው የሚበረው ሳይሆን ትሉ ነው። ትሉ ሲሄድ የፊት እግሮቹን ይተክላል። ከዚያ የኋላውን ወደ ፊት ይስባል፤ ወገቡም እንደ ቀለበት ወደ ላይ ይጎብጣል። ከዚያ ደግሞ ፊቱን ይዘረጋል። ጨርቅ በስንዝር የሚለካ እጅ ያየ ሰው ይህን አካሄድ አይቶታል።

የአካሄዱ ምክንያት እግር ማነስ ነው። አብዛኞቹ የቢራቢሮና የእሳት እራት ትሎች 3 ጥንድ እውነተኛ እግሮች አሏቸው። በተጨማሪም 5 ጥንድ የሆድ እግሮች አሏቸው። የሆድ እግር ማለት ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው ሥጋማ ጉጥ ነው። የጂኦሜትሪዴ ትሎች ግን በአብዛኛው 2 ጥንድ የሆድ እግር ብቻ ነው ያላቸው። ሁለቱም ያሉት ወደ ኋላ ጫፍ ነው። መሃል ላይ የሚደገፉበት ነገር የለም፤ ስለዚህ ወገባቸውን ማጉበጥ ግድ ነው። ጉድለቱ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። በኋላ እግሩ ቅርንጫፍ ጨብጦ ቀጥ ብሎ የቆመ ትል ከጭራሮ አይለይም።

አዋቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ገላና ሰፊ ክንፍ አላቸው። ሲያርፉ ክንፋቸውን ዘርግተው ይለጠፋሉ። በፊት ክንፍ ላይ የጀመረው ሞገዳማ መስመር በኋላ ክንፍ ላይ ይቀጥላል።

ብዛታቸው ቀላል አይደለም። በ2011 የወጣው የዓለም አቀፍ ቆጠራ 23,002 ዝርያዎችን በ2,002 ወገኖች ሥር መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ወደ 24,000 ተጠግቷል። በዚያው ቆጠራ ስም የወጣላቸው ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች በሙሉ 157,000 ገደማ ናቸው። ከሰባቱ አንዱ ስንዝር ለኪ ነው ማለት ነው።

«የእሳት እራት» የሚለው ስማችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። ሌሊት ወደ ብርሃን የሚበር ነገር ያስመስላቸዋል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የሚበሩም አሉ። ወደፊት እንደምናየው ቀን መብረራቸው ሊቃውንቱንም አሳስቷል።

ጥቂት ቃላት

ታክሶኖሚ ማለት ሥነ ምደባ ነው። ሕያዋንን ከሰፊ ወደ ጠባብ በየደረጃው ይከፋፍላል። ዝርያ ከታች ነው። ዝርያዎች ተሰብስበው ወገን ይሆናሉ። ወገኖች ተሰብስበው ቤተሰብ ይሆናሉ። አንዳንድ መጻሕፍት ቤተሰብን «አስተኔ» ይሉታል። በመሃል ተጨማሪ ደረጃዎች ይገባሉ፤ ነገድ ከወገን በላይ ነው፣ ንዑስ ቤተሰብ ከነገድ በላይ ነው፣ ልዕለ ቤተሰብ ከቤተሰብ በላይ ነው።

የስሙ ጅራት ደረጃውን ይናገራል። «‑ኦይዲያ» ብሎ የሚያልቅ ልዕለ ቤተሰብ ነው። «‑ኢዴ» የሚለው ቤተሰብ፣ «‑ኢኔ» የሚለው ንዑስ ቤተሰብ፣ «‑ኢኒ» የሚለው ነገድ ነው። ስለዚህ ጂኦሜትሮይዲያ፣ ጂኦሜትሪዴና ጂኦሜትሪኔ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። በሕዝብ ወሬ ውስጥ ያለው ግርታ ግማሹ እነዚህን ከማደበላለቅ የሚመጣ ይመስላል።

አንድ ከበድ ያለ ቃል ይቀራል፤ ሞኖፋይሌቲክ። አንድን ቅድመ አያትና ከእሱ የወረዱትን በሙሉ የያዘ፣ ሌላ ግን ያልጨመረ ቡድን ማለት ነው። ከተለያየ አያት የመጡ ተሰብስበው አንድ ስም ሲሰጣቸው ቡድኑ ፖሊፋይሌቲክ ይባላል። የዛሬ ምደባ የመጀመሪያውን ይቀበላል፤ ሁለተኛውን ያፈርሳል። ከዚህ በታች ያለው ወሬ ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

ከ1758 ጀምሮ

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ባለ ቅርፊት ክንፎቹን ነፍሳት በሦስት ወገን ከፈላቸው። ቢራቢሮዎቹ አንድ፣ ጭልፊት መሳዮቹ አንድ፣ የቀሩት የእሳት እራቶች ሁሉ አንድ። ሦስተኛውን ክምር ደግሞ ከፋፍሎ አንዱን ክፍል ጂኦሜትራ አለው። ስም አወጣጡም ሥርዓት ነበረው። ወንዱ ላባ የመሰለ አንቴና ካለው ስሙ በ«‑አሪያ» ያልቃል። አንቴናው እንደ ክር ከሆነ በ«‑አታ» ያልቃል። ቢስተን ቤቱላሪያና ኦፔሮፍቴራ ብሩማታ በሚሉት ስሞች ውስጥ ሁለተኛዎቹ ቃላት ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው።

ቤተሰቡ ጂኦሜትሪዴ ተብሎ የተሰየመው በ1815 በእንግሊዛዊው ዊሊያም ኤልፎርድ ሊች ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዋናው ማስረጃ የክንፍ ጅማት አቀማመጥ፣ አንቴና እና ቆይቶም የመራቢያ አካል ቅርጽ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሉዊስ ቤትሆቨን ፕራውት የተባለ እንግሊዛዊ የዓለምን ስንዝር ለኪዎች እያገላበጠ ብዙ ሺህ ገጽ ጻፈ። በ1999 በማልኮልም ስኮብል መሪነት የወጣው የዓለም ካታሎግ ደግሞ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ቦታ ሰበሰበ። ያ ካታሎግ ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን የስም ዝርዝር ነው እንጂ የዘር ሐረግ አይደለም።

ማጣት ሲያዛምድ፣ ማጣት ሲያሳስት

ሁለት ፍጥረታት አንድ ዓይነት አዲስ ነገር ቢኖራቸው፣ ለምሳሌ ውስብስብ የሆነ አካል፣ ከአንድ አያት ወርሰውት ይሆናል ብሎ መገመት ያስኬዳል። ሁለቱም አንድ ነገር ቢጎድላቸውስ? እዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሥራት ከባድ ነው፤ ማጣት ቀላል ነው። ብዙ ዘር በየራሱ መንገድ እግር ሊያጣ ይችላል።

ምሳሌው ከጎረቤት ነው። ፕሉሲኔ የሚባሉት የእሳት እራቶች ትሎችም የሆድ እግራቸው አንሶ ወገባቸውን እያጎበጡ ይሄዳሉ። ጎመን የሚያጠፋው ትሪኮፕሉሲያ ኒ ከእነሱ ነው። አካሄዱ ስንዝር ለኪ ያስመስለዋል። እሱ ግን የኖክቱዪዴ ቤተሰብ ነው። ከጂኦሜትሪዴ ጋር የሥጋ ዝምድናው ሩቅ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ እግር አለማጣት አሳስቷል። አርኪኤሪኔ የሚባለው ትንሽ ንዑስ ቤተሰብ ትሎች ተጨማሪ የሆድ እግር አላቸው። አዋቂዎቹ በፀደይ መጀመሪያ በቀን ይበራሉ፤ የኋላ ክንፋቸው ብርቱካናማ ነው። እግራቸው ስላልጠፋ «የመጀመሪያዎቹ፣ ከሁሉም የቀደሙት እነዚህ ናቸው» ተባለ። ብዙ መጻሕፍትም በዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። የዲኤንኤ ጥናት ሲመጣ ግን ሥሩ አጠገብ የተገኘው ሌላ ነው፤ ስቴሪኔ የሚባለው ንዑስ ቤተሰብ። አርኪኤሪኔ ከዛፉ ላይ ከፍ ብሎ ከሌሎች ቅርንጫፎች መካከል ተቀመጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በታዝማኒያ ተራሮች ላይ ዲርሴ እና አካሊፌስ የሚባሉ ቀን የሚበሩ ወገኖች አሉ። እነሱም ለረጅም ጊዜ በአርኪኤሪኔ ውስጥ ተቆጥረው ነበር። ቀን መብረር የራሱን መልክ ያመጣል። ብርድ ባለበት ቦታ በፀሐይ የሚበር ነፍሳት ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይሳባል። ጂናቸው ሲታይ ዘመዶቻቸው ኤኖሚኔ ሆኑ፤ በ2019ም በይፋ ወደዚያ ተዛወሩ። ኑሮ ያመሳሰላቸው እንግዶች ነበሩ።

አልሶፊላ የተባለው ወገንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ትሉ አንድ ትርፍ ጥንድ፣ ያውም የጫጫ እግር ስላለው ብቻውን ንዑስ ቤተሰብ ተሰጥቶት ነበር። አሁን በኤኖሚኔ ውስጥ አንድ ነገድ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው ማጣት ሁሉ ውሸታም ምስክር ነው» ማለት ግን ችኮላ ነው። ኤኖሚኔ፣ ከጂኦሜትሪዴ ሁሉ ትልቁ ንዑስ ቤተሰብ፣ በአሮጌው ምደባ የተለየው በማጣት ነው። በኋላ ክንፉ ላይ ኤም 2 የሚባለው ጅማት ወይ የለም ወይ ደክሟል። ዲኤንኤው ሲመረመር ቡድኑ በሰፊው እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። የድሮዎቹ ሰዎች በጅማት ብቻ ያን ያህል መቅረባቸው ሊደነቅ ይገባል።

የባሕርይ ለውጥም እንዲሁ ዘር አይቀይርም። በሃዋይ ደሴቶች የሚኖሩ አብዛኞቹ የዩፒቴሲያ ትሎች ዕፅ መብላት ትተው አዳኝ ሆነዋል። እንደ ጭራሮ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዝንብ ጀርባቸውን ስትነካ ተጠማዝዘው ይይዟታል። ይህ በትል ዓለም እጅግ ያልተለመደ ነው። ቢሆንም እነሱም ከ1,400 በላይ ዝርያ ባለው በዚያው ግዙፍ ወገን ውስጥ፣ ላረንቲኔ በሚባለው ንዑስ ቤተሰብ ሥር እንደተመዘገቡ ናቸው።

ሆድ ላይ ያለው ጆሮ

ታዲያ ቤተሰቡን አንድ የሚያደርገው ምንድን ነው? በአካል ከተፈለገ ዋናው ማስረጃ ጆሮ ነው። ስንዝር ለኪዎች ጆሯቸው ሆዳቸው ሥር ላይ ነው፤ ከደረት ጋር በሚገናኝበት በኩል። ስስ ሽፋን የተወጠረበት ጉድጓድ ነው። የሌሊት ወፍ እያደነች የምታወጣውን ከፍተኛ ድምፅ ይሰማል። ጆሮው ውስጥ አንሳ የሚባል ትንሽ ጠንካራ አካል አለ። አንሳ በላቲን እጀታ ማለት ነው። ይህ እጀታ በሌላ ቤተሰብ ውስጥ አይገኝም። እንዲህ ያለ ልዩ አካል ሁለት ጊዜ ይፈጠራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ከእግር ቁጥር ይልቅ ይታመናል።

የእሳት እራቶች ጆሮ በየዘሩ ለየብቻ ብዙ ጊዜ የተፈጠረ አካል ነው። በአንዳንዱ ደረት ላይ ነው፣ በአንዳንዱ አፍ አካባቢ፣ በአንዳንዱ ሆድ ላይ። ድሬፓኒዴ የሚባሉት ክንፈ መንጠቆዎች ጆሯቸው ሆድ ላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከስንዝር ለኪዎች ጋር ተጠቃለው ነበር። ውስጡ ሲከፈት ግን አሠራሩ ሌላ ነው። ዛሬ የራሳቸው ልዕለ ቤተሰብ አላቸው።

በጆሮ ማጣት የተጋለጠም አለ። በ1994 ጃፓናዊው ሂሮሺ ኢኖዌ ከታይላንድ የተገኘ አንድ የእሳት እራት ስም አወጣለት። ቢስተን የሚባለውን ስንዝር ለኪ ስለሚመስል ሱዶቢስተን አለው፤ ሐሰተኛ ቢስተን እንደማለት። ቦታውም ለጊዜው እዚያው ጂኦሜትሪዴ ውስጥ ሆነ። ችግሩ ያ ጆሮ የለውም። አካሉና ዲኤንኤው አብረው ከተመረመሩ በኋላ በ2015 ሱዶቢስቶኒዴ የተባለ አዲስ ቤተሰብ ተከፈተለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄራኩላ ዲስሲቪታ የሚባል ሌላ የእስያ ዝርያ ተጨመረበት። እሱ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሌላ ልዕለ ቤተሰብ ከሆኑት፣ ሊማንትሪዎች ከሚባሉት የእሳት እራቶች ጋር ተቆጥሮ የኖረ ነው። አንድም ሰው እህቱ ታይላንድ ውስጥ ትኖራለች ብሎ አልጠረጠረም።

ዘመዶች፣ ቢራቢሮ መሳዮቹም ጭምር

ጂኦሜትሮይዲያ በሚባለው ልዕለ ቤተሰብ ውስጥ ከጂኦሜትሪዴና ከሱዶቢስቶኒዴ ሌላ ሦስት ቤተሰቦች አሉ። ዩራኒዴ፣ ሴማቱሪዴ እና ኤፒኮፒዴ። ሦስቱም ከስንዝር ለኪዎቹ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። ትልቁ ዩራኒዴ እንኳ 700 ገደማ ዝርያ ነው ያለው።

የዩራኒዴ ዝነኛው የማዳጋስካር ጀንበር ጥልቀት የእሳት እራት ነው። ክንፉ እንደ ቀስተ ደመና ያበራል፤ ጅራት አለው፤ ቀን ይበራል። ድሩ ድሩሪ የተባለ እንግሊዛዊ በ1773 ሲገልጸው ፓፒሊዮ አለው፤ ማለትም ቢራቢሮ። ማን ይፈርድበታል? ማንም ቢያየው ቢራቢሮ ነው የሚለው። የዚህ ቤተሰብ ጆሮ ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። የወንዱና የሴቷ ጆሮ ቦታው ይለያያል። ኤፒኮፒዴዎች በበኩላቸው መርዛማ ባለ ጅራት ቢራቢሮዎችን አስመስለው ይኖራሉ። እነሱና ሴማቱሪዴዎች ያ የሆድ ጆሮ የላቸውም።

ትልቁ አስገራሚ ነገር የተገኘው ግን ከቤተሰቡ በወጡት በኩል ነው። በመካከለኛና በደቡብ አሜሪካ ማክሮሶማ የሚባሉ 36 ገደማ ዝርያዎች አሉ። ቀጭን ናቸው፤ አመዳም ናቸው፤ ሌሊት ይበራሉ። ለብዙ ዘመን ስንዝር ለኪ ተብለው ተመዝግበዋል። በ1986 ስኮብል እንቁላላቸውን፣ ሙሽራቸውንና እግራቸውን አገላብጦ «እነዚህ የቢራቢሮ ዘመዶች ናቸው» አለ። ሙሽራ የምንለው ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት የሚያልፍበት የእንቅልፍ ደረጃ ነው። ብዙዎች ተጠራጠሩ። ከ2010 በኋላ የተደረጉት የጂን ጥናቶች ግን እሱ ካለውም አልፈው ሄዱ። ማክሮሶማዎቹን የያዘው፣ ሄዲሊዴ የተባለው ቤተሰብ የቢራቢሮ ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ራሱ በቢራቢሮዎች ዛፍ ውስጥ ነው።

ውጤቱ ለተራ አንባቢም ይጠቅማል። «ቢራቢሮ ቀን ይበራል፣ የእሳት እራት ሌሊት ይበራል» የሚለው የትምህርት ቤት ሕግ እዚህ ይወድቃል። ሌሊት የሚበር ቢራቢሮ አለ፤ ቀን የሚበር ስንዝር ለኪም አለ። ከዚያም በላይ ቢራቢሮዎች ራሳቸው ከእሳት እራቶች ዛፍ የወጡ አንድ ቅርንጫፍ ናቸው። «የእሳት እራት» ማለት ቢራቢሮዎች ሲቀነሱ የቀረው ሁሉ ነው፤ የዘር ስም አይደለም።

የ2019 ጥናት ምን አደረገ?

አሁን በየመተግበሪያው ለሚታየው ለውጥ ትልቁ ምክንያት በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ነው። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ኮሎምቢያዊቷ ሌይዲስ ሙሪሎ‑ራሞስ ናት፤ ፓሲ ሲህቮነንና ጉናር ብሬምም አሉበት። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ 1,206 ናሙናዎችን እስከ 11 በሚደርሱ የጂን ክፍሎች አነጻጸሩ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ሰፊ የቤተሰቡ የዘር ዛፍ አልተሠራም ነበር።

ጥናቱ ያጸናው ካፈረሰው ይበልጣል። ላረንቲኔ፣ አረንጓዴዎቹ ጂኦሜትሪኔ እና ኤኖሚኔ ከሞላ ጎደል በነበሩበት ጸኑ። ስቴሪኔም ሦስት ወገኖች ከሌላ ቦታ ተጨምረውለት ጸና።

የፈረሰው ኦይኖክሮሚኔ ነው። ይህ ንዑስ ቤተሰብ ለረጅም ዘመን እንደ ጓዳ ሆኖ አገልግሏል። ሌላ ቦታ የማይገባ ነገር ሁሉ እዚያ ይወረወራል። በተለይ የአውስትራሊያ ዝርያዎች ታጉረውበት ነበር። ጓዳው ሲከፈት የማይዛመዱ ነገሮች ተገኙበት። ወፍራም ገላ ያላቸው ጥቂቶች ስሙን ይዘው ቀሩ። ቀጫጭኖቹ ኤፒዴስሚኔ የተባለ አዲስ ንዑስ ቤተሰብ ሆኑ። ሌሎች ዴስሞባትሪኔ ወደሚባለው ንዑስ ቤተሰብና ወደ ስቴሪኔ ሄዱ። ከዚህ በተጨማሪ በነገድ ደረጃ ብዙ ማስተካከያ ተደርጓል። ተጠቃሚው ስልኩ ላይ የሚያየው ዝውውር አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ገደቡም መነገር አለበት። 1,206 ናሙና ብዙ ይመስላል፤ ግን ከ23,000 በላይ ለሆነ ቤተሰብ ከመቶ 5 ገደማ ነው። የቀሩት ዝርያዎች በየነገዱ የተመደቡት ዘመዳቸው ተመርምሮ እንጂ ራሳቸው ተመርምረው አይደለም።

የሚከራከሩት በምን ላይ ነው?

ከሊቃውንቱ አንደኛው ጎራ መረጋጋትን ያስቀድማል። ስም መገናኛ ነው ይላል። የግብርና ባለሙያው፣ የሙዚየም ሠራተኛው፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ አርቃቂው በአንድ ስም ካልተግባቡ የትክክለኛነት ትርፉ ምንድን ነው? ነገዶችን በየአምስት ዓመቱ ማፍረስ የቆዩ ጽሑፎችን ሁሉ ለማንበብ የሚያስቸግሩ ያደርጋቸዋል።

ሌላው ጎራ የተሳሳተ ቡድን ይዞ መረጋጋት ስሕተትን ማባዛት ነው ይላል። ዝርያዎች ምን እንደሚበሉ፣ የት እንደተፈጠሩ፣ ጆሯቸው ስንት ጊዜ እንደጠፋ የሚያጠና ሰው መነሻው የዘር ዛፍ ነው። ዛፉ ከተሳሳተ ድምዳሜው ሁሉ ይሳሳታል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን አንድ ነገር ሲሸፋፈን ይታያል። ዲኤንኤ ማን በማን ውስጥ እንዳለ ይናገራል፤ ቅርንጫፉ «ቤተሰብ» ይሁን «ንዑስ ቤተሰብ» ግን አይናገርም። ያ ስምምነት ነው። ሱዶቢስተን ለብቻው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቅርብ ዘመዱ በሆነው በኤፒኮፒዴ ውስጥ ሊጠቃለል ይችል ነበር። ሁለቱም ከዛፉ ጋር አይጋጩም። «ሳይንስ አዲስ ቤተሰብ አገኘ» የሚለው አርዕስት ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ዝምድናው ተገኘ፤ ደረጃው ተወሰነ። ቤተሰብ ሲፈርስ መጨነቅ፣ ደረጃ ብቻ ሲቀየር ደግሞ ትከሻ መነቅነቅ ተገቢ ይመስላል።

በዲኤንኤ ባርኮድ ላይም ግርታ አለ። ባርኮድ በሕዋስ ውስጥ ኃይል ከሚያመነጨው ክፍል፣ ከማይቶኮንድሪያ፣ አንድ ጂን ላይ 650 ያህል ፊደል የሚያነብ አጭር መለያ ነው። ከ2003 ጀምሮ በሰፊው የታወቀው በካናዳዊው ፖል ሄበርት ሥራ ነው። ሁለት የሚመሳሰሉ ዝርያዎችን ለመለየት ግሩም ነው። የጥንት ዝምድናን ለመፍረድ ግን አይበቃም። ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ የተዳቀለን ነፍሳት ግማሽ ታሪክ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ከመዝገብ ቤት ውጭ

ይህ ሁሉ የቤተ ሙዚየም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ጽሑፉ እዚህ ባበቃ። ነገር ግን ዋጋ አለው። በ1930ዎቹ ኦፔሮፍቴራ ብሩማታ የተባለው የአውሮፓ ስንዝር ለኪ ወደ ካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ገባ። ሴቷ ክንፏ የጫጫ ነው፤ አትበርም። ትሉ ግን የዛፍ ቅጠል ያራግፋል። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስም በ1990ዎቹ መጨረሻ ዛፎች ተራቆቱ። በመጀመሪያ የአካባቢው ነባር ዝርያዎች ናቸው ተብሎ ተገመተ። እንግዳው ራሱ መሆኑ የተረጋገጠው በ2003 ነው።

ስሕተቱ የሚገባ ነው። በሰሜን አሜሪካ ኦፔሮፍቴራ ብሩሲያታ የሚባል ነባር የቅርብ ዘመድ አለው። ወንዶቹን በዓይን መለየት ይከብዳል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የሴት ሽታ ይሳባሉ፤ ስለዚህ አንድ ወጥመድ ሁለቱንም ይይዛል። ያውም እርስ በርስ ይዳቀላሉ።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል ከተባለ፣ መድኃኒቱ ዘር መራጭ ስለሆነ ነው። ሲዜኒስ አልቢካንስ የምትባል ዝንብ እንቁላሏን ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ትሉ ከቅጠሉ ጋር ይውጠዋል፤ የዝንቧ ልጅም ከውስጥ ትበላዋለች። ይህች ዝንብ የምትፈልገው ብሩማታን ነው። በ1950ዎቹ በኖቫ ስኮሺያ ተለቃ ውጤት አሳየች። ከ2005 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ተለቀቀች፤ ወረርሽኙም ከዓመታት በኋላ ረገበ። ዝርያው በስሙ ባይታወቅ ኖሮ ይህ መንገድ አይታሰብም ነበር።

ቆጠራም በምደባ ላይ ይቆማል። በደቡብ ኢኳዶር አንዲስ ተራሮች ላይ ስንዝር ለኪዎችን ለዓመታት በመልክ የቆጠረው ቡድን ባርኮድ ሲጨምርበት ቁጥሩ በ80 በመቶ አደገ። ተራራው አልተቀየረም። አንድ ሲባሉ የነበሩት ሁለት ሦስት ሆነው ተገኙ እንጂ። በቦርኒዮ ኪናባሉ ተራራ ደግሞ በ1965 የተሰበሰቡ ዝርያዎች በ2007 እንደገና ተፈለጉ። በ42 ዓመት ውስጥ በአማካይ 67 ሜትር ወደ ላይ ሸሽተዋል። ሙቀት ሲጨምር ነፍሳት ወደ ቅዝቃዜ እንደሚወጡ ከሐሩር አካባቢ የተገኘ ቀዳሚ ማስረጃ ነው። ሁለት የማይለዩ ዝርያዎች አንድ ተብለው ቢቆጠሩ ግን የአንዱ ሽሽት በሌላው ቦታ ይሸፈናል።

ስሙ ሲቀየርባችሁ

መተግበሪያው ላይ ለውጥ ስታዩ መጀመሪያ የትኛው ክፍል እንደተቀየረ ተመልከቱ። ሁለት ቃል ካለው ስም ሁለተኛው፣ ማለትም የዝርያው መለያ፣ ብዙም አይነካም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣውን ስም ያስከብራል፤ የመነሻ ዓመቱም 1758 ነው። ቤቱላሪያ ከሊኔየስ ጀምሮ ቤቱላሪያ ነው። የመጀመሪያው ቃል፣ የወገኑ ስም፣ ግን ዝርያው ወደ ሌላ ወገን ሲዛወር ይቀየራል። ከዚያ በላይ ያለው ነገድና ንዑስ ቤተሰብ ሲቀየር ደግሞ የነፍሳቱ ስም ምንም አይሆንም፤ የተቀየረው ጎረቤቱ ነው።

ለውጡም ገና አላበቃም። የሙዚየም ናሙናዎች መቶ ዓመት ሳይቀር አልፏቸው፣ ዲኤንኤያቸው ተሰባብሮም ቢሆን፣ አሁን መነበብ ጀምረዋል። ከአንድ እግር ላይ የተወሰደ ቁራጭ ይበቃል። ወደ ጫካ ለመሄድ የማይቻልባቸው፣ ከተሰየሙ ጀምሮ ያልታዩ ዝርያዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ወደ ዛፉ ሊገቡ ነው። አብዛኞቹ ፕራውት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ያስቀመጣቸው ቦታ ላይ ይገኙ ይሆናል። ጥቂቶቹ ግን እንደ ሄራኩላ ሌላ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።